የጋሽ ሸምሱ እንጨት

ጋራዤን መዝጋቴን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "አሁን ታዲያ ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። እቀመጣለሁ። መቀመጥም ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል የግል ጋራዥ ጡረታ የለውም፤ ያለው ጉልበት ነው። ባለፈው ክረምት ከመኪና ሥር ለመውጣት ሰው መጥራት ስጀምር ጉልበቴ የስንብት ደብዳቤዬን ጻፈልኝ፤ እኔም ሳልከራከር ተቀበልኩ።

ዘመኑም ቢሆን ሄዷል። ሐዋሳ ውስጥ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ሠራተኛው ኮምፒውተር ይሰካል፣ ማሽኑ በሽታውን ይነግረዋል፣ እሱም ዕቃ ይቀይራል። አልቀናም፤ አልንቅምም። እኔ የማውቀው ፍሬን ነው። ከፍሬንም ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ በመኪናው ሆድ ሥር የሚሄደውን፣ ከእርሳስ የማይወፍረውን የብረት ቱቦ ነው። የሰው ሕይወት በዚያ ቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት ላይ እንደሚንጠለጠል ባለመኪናው አያውቅም፤ ቢያውቅም መርሳት ይመርጣል።

ከሶዶ ወደ ሐዋሳ የመጣሁት የእጅ ሥራ ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት የጋሽ ሸምሱን ጋራዥ ነው፤ አሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው። አጎታቸው ሱቅ ሊያስነግዷቸው አምጥተዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የአጎታቸውን መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ ሱቁን ረሱት። አጭር፣ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ከሲዳማ ደንበኞቻቸው ጋር በሲዳምኛ ሲጫወቱ አማርኛቸው ራሱ የሚቀናባቸው ይመስለኝ ነበር።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ፍሬን የሌለው መኪና ይዞ ፍሬን ያለው ይመስለዋል። አንዱ ቱቦ ሲፈነዳ ሾፌሩ ይመጣና "ድፈንልኝ" ይላል። መድፈን ማለት የፈነዳውን ቱቦ አጥፎ፣ በመዶሻ ጨፍልቆ፣ መኪናውን በሦስት ጎማ ፍሬን መላክ ነው። ብዙ ጋራዥ ይደፍናል። ጋሽ ሸምሱ አይደፍኑም ነበር። "ይሄ ቱቦ ነው እንጂ የምላስ ቁስል አይደለም፤ ራሱ አይድንም" ይሉና ሰውየውን ሻይ ጋብዘው ይሸኙታል።

ከሁሉ የከፉት ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚጭኑት አሮጌ ፒክአፖች ነበሩ። ዓሣው በበረዶ ይጫናል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ ቀጥታ ቱቦው ላይ ያርፋል። ሌላ መኪና ዝናብ ሲያገኘው ይረጥባል፤ የዓሣ መኪና በጋ ከክረምት እርጥብ ነው። ቱቦው ዝጎ እንደ ዛፍ ቅርፊት ያብጣል፣ በጥፍር ሲነኩት ይራገፋል። ማቀፊያውን ስፈታ ከሥሩ የዓሣ ቅርፊት ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ነው። የዛገ ዳዶ በጉልበት አይፈታም፤ ከተገደደ ጥርሱ ይላግና ቱቦውን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። ናፍጣ አጠጥተነው ሌላ ሥራ እንሠራለን፣ ተመልሰን እናንኳኳዋለን፣ እንደገና እናጠጣዋለን። አዲሱን ቱቦ ጋሽ ሸምሱ በለስላሳ ጠርሙስ ዙሪያ ያጥፉት ነበር፤ በባዶ እጅ ከታጠፈ ይሰበራል፣ የተሰበረ ቱቦ ደግሞ ዘይቱን ያንቃል። ቆርጠው ጫፉን በሞረድ ያስተካክላሉ፣ ዳዶውን ያስገባሉ፣ ከዚያ ጫፉን እንደ ጥሩምባ ከፍተው ወደ ውስጥ መልሰው ያጥፉታል። ዳዶውን ሳያስገባ ጫፉን የከፈተ ሰው ቱቦውን ቆርጦ እንደገና ይጀምራል። እኔ ይህን ያደረግሁት አንድ ጊዜ አይደለም። ጋሽ ሸምሱ አይቆጡም፤ "ሙሽራዋን ሳትይዝ ድንኳን ተከልክ" ብለው ያልፋሉ።

የታወቁት ግን በእንጨታቸው ነው። ሥራው ሁሉ አልቆ፣ አየሩ ከአራቱም ጎማ የፍሬን ቱቦ ወጥቶ፣ ማታ ላይ የፍሬኑን ፔዳል አጥብቀው ይረግጡና በፔዳሉና በወንበሩ መካከል አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ይወጥራሉ። በየጎማው ሥር ካርቶን ይዘረጋል። መኪናው እንደዚያ ያድራል። ዘይቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካለ ፔዳሉ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እንጨቱም ላልቶ ይወድቃል። ጠዋት እንጨቱ እንደቆመ ከተገኘ መኪናው ይወጣል። ከወደቀ አይወጣም። ባለመኪናው ሊለምን፣ ሊቆጣ፣ ሰው ሊያማልድ ይችላል፤ ጋሽ ሸምሱ "እኔን አይደለም፣ እሱን ለምነው" ብለው እንጨቱን ያሳዩታል።

ለገሰ የሚባል የዓሣ ነጋዴ ነበር። ነጭ ፒክአፕ ነበረችው፤ ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ይጭናል፣ በአሞራ ገደል የማያውቀው ዓሣ አጥማጅ የለም። ቸኳይ ነበር፤ ሰላምታውን እንኳ እየሄደ ነው የሚሰጥህ። አንድ ጊዜ የኋላ ቱቦዋ ፈንድቶ አመጣት። ሙሉው ይቀየር ብንለው የፈነዳው ብቻ ይበቃኛል አለ፤ ያን ጊዜ ቁራጭ መሥራት ገና አልተውንም ነበር። ቱቦውን ጋሽ ሸምሱ ሲቀይሩ እኔም አብሬ ነበርኩ። ማታውን ግን የእህቴ ሠርግ ስለነበር ወደ ሶዶ ሄድኩ።

ስመለስ ሁሉም ነገር አልፏል። ለገሰ ጠዋት መኪናዋን ይዞ ወደ ሀገረ ሰላም ወጥቷል። ጎመን ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሳይቀየር የቀረው አሮጌው ቱቦ ፈንድቷል። ገደሉን ፈርቶ መኪናዋን ከተራራው ጋር አጋጫት፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ጋሽ ሸምሱ ለጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሰጡት። "እንጨቱ ወድቆ አገኘሁት። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ድመቷ ናት የጣለችው ብዬ መኪናውን ሰጠሁት።" በግቢው ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች፤ ሞቅ ያለ ወንበር ባየች ቁጥር ትተኛበታለች። ካርቶኑ የደረቀው ዘይቱ በሻንሲው ውስጥ ሾልኮ ስለቀረ እንደሆነ የተገነዘብነው በኋላ ነው። የግቢው ዘበኛ በንዴት ድመቷን በጆንያ አድርጎ ከከተማው ዳር ሎቄ ወስዶ ጣላት። ጋሽ ሸምሱ ሰምተው ሥራ አቋርጠው ሄዱ፤ ሲፈልጉ ሲጣሩ ውለው ታቅፈዋት ተመለሱ። "ምን አድርጋ ነው?" አሉ። እኔ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሌላ ልማድ አመጡ። ድሮ የደንበኛ የመኪና ቁልፍ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር። አሁን ሁሉንም በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ምሳ ሲበሉ፣ መስጊድ ሲሄዱ፣ ገበያ ሲወጡ ይንሿሿሉ። የሰፈሩ ሰው "ባለ ቃጭሉ" ይላቸው ጀመር። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር ከሳቁ በታች ቅሬታ ነበር። እንጨቱን ለምነው ሲሉኝ የኖሩ ሰው፣ እንጨቱ ሲወድቅ ድመት አሳበው መኪና ሰጡ። ለሰው የሚያስተምሩትን ራሳቸው ካልያዙት እኔ ምን ልማር ነው አልኩ። አላልኳቸውም፤ ብቻ ብዙም ሳይቆይ ለቀቅሁ። ሲሸኙኝ ከእንጨቶቻቸው አንዱን ሰጡኝ።

አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ጋራዥ ገባሁ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ወረቀቱ ግን መኪና ያስንቃል። አለቃችን አንድ ዳዶ ሲፈለግ ሦስት ቦታ የሚያስፈርም ሰው ነበር፤ ፊርማው እስኪያልቅ መኪናው በራሱ ተሽሎት ይወጣል እያልን እናሾፍ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ ጠፋ መባልን ብቻ ይፈራል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወደ ባህል አዳራሽ አቅጣጫ የራሴን ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። ቱቦ በቁራጭ አልሠራም፣ አልደፍንም፣ እንጨት ሳላሳድር መኪና አልሰጥም። ቁልፍ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሚስማር ላይ ነው የምሰቅለው። ጋሽ ሸምሱ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜ "ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጠዋት ብቻ ቸኮሉ" ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ፍርዱ ያን ጊዜ የለዘበ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻ ሥራዬ ያቺው ነጭ ፒክአፕ ሆነች። ያመጣቻት የለገሰ ልጅ ብርቱካን ናት። አባቷ እግሩን ካጣ ወዲህ ዓሣውን የያዘችው እሷ ናት፤ አባቷ ቸኳይ ከነበረ እሷ እሳት ናት። ከአሞራ ገደል ፒያሳ ላሉ ሆቴሎች ታመላልሳለች። ሜዳ ነው፣ ፍሬኑ ለስልሶም ይሄድላት ነበር። አሁን ግን ዳገት ልትወጣ ነው።

"ጋሼ ማርቆስ፣ ለፍቼ አባዬን ወደ ሁላ ልወስደው ነው" አለችኝ። "ታላቅ ወንድሙ ታሟል። ዘንድሮ ካልመጣህ አታገኘኝም ብሎ ልኮበታል።"

ፍቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በዋዜማው ምሽት ቤተሰብ ሁሉ ከታላቁ ቤት ተሰብስቦ ቡርሳሜ የሚባለውን በቅቤ የራሰ ቆጮ ይበላል። ሁላ የሚኬደው በዚያው በሀገረ ሰላም ዳገት ነው፤ ለገሰ ከአደጋው በኋላ ያን መንገድ ወጥቶ አያውቅም። በሰው ሠራሽ እግሩ በበዓል ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ መሄድ አይችልም፤ ኮንትራት መኪናም በዚያ ሰሞን አይገኝም። በዋዜማው ጠዋት ፒክአፗ ካልወጣች፣ ወንድሙን በሕይወት ሳያየው ሊቀር ይችላል።

ቱቦውን በሙሉ አወጣሁት፤ እጄ ላይ ፈረሰ። ሁሉንም አዲስ ሠራሁ። እንደ ልቤ ከመኪና ሥር መተኛት ባልችልም እጄ ገና አልረሳም፤ ጠርሙሱም ያው ለስላሳ ጠርሙስ ነው። ዘይቱ ሲወጣ የሻይ አተላ ይመስል ነበር፣ ንጹሕ እስኪሆን አጠብኩት። ማታ ፔዳሉን ረግጬ የጋሽ ሸምሱን እንጨት ወጠርኩ። በዚህ ሥራ ጋራዡን ብዘጋው አላፍርም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት በሩን ስከፍት እንጨቱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ደረቅ ናቸው። እያንዳንዱን ዳዶ በእጄ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ብርቱካን አባቷን ይዛ ደርሳለች፤ ለገሰ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በር ላይ ካለው ወንበር ተቀምጧል። የፒክአፗ የቀኝ መስኮት መስታወት ከወረደ አይወጣም። መኪናዋ ውስጥ ወንበሩ ላይ የጎረቤቴ ድመት ተጠቅልላ ተኝታ ነበር።

ብርቱካን ድመቷንም እንጨቱንም አየች። "ጋሼ፣ ይቺው ናት'ኮ! ደርቋል ብለውኛል፣ ሁሉም አዲስ ነው። ሌላ ምን ይጠበቃል?"

"አይወጣም፣ ልጄ።"

"ለድመት ብለው ነው አባቴን የሚያስቀሩት? ሰውየው'ኮ እየሞተ ነው።"

ቱቦው ደርቋል፣ ሥራው የእኔ ነው፣ ድመቷም ነቅታ ቁጭ ብላ ታየናለች። እንዲያውም አንድ ልቤ ስጣት ይለኝ ነበር። ብርቱካን ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ቁልፉ ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ለገሰ በከዘራው ወለሉን መታ መታ አደረገ። "ማርቆስ፣ ያንን ቁልፍ ከዚያ አንሳው" አለኝ።

"ለምን?"

"ልጄ የምትመስለው እኔን ነው።"

አልገባኝም። እሱ ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጁ እያየ ቀጠለ። "ያን ጊዜ ጋሽ ሸምሱ መኪና አልሰጡኝም። እንጨቱ ወድቆ ሲያገኙት አይወጣም አሉ። ድመቷ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ለመንኩ፣ ንቅንቅ አላሉም። ሊሰግዱ ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ዞር ሲሉ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሳሁና ወጣሁ። መኪናው የራሴ አይደለ?"

ብርቱካን ቀስ ብላ "እማዬ ታውቅ ነበር?" አለች።

"አታውቅም። ሆስፒታል መጥተው ልናገር ስል ጋሽ ሸምሱ አፌን ያዙ። 'አንተ እግርህን ሰጥተሃል፣ ይቺን ለእኔ ተዋት' አሉኝ። 'ሚስትህ በገዛ እጁ ያመጣው ነው ካለች ቤትህ አይቆምም። ደግሞስ ቁልፉን እዚያ የሰቀልኩት እኔ አይደለሁም?' አሉኝ። እኔም ተውኩላቸው። ቀላል ሆነልኝ።"

ተናደድኩ። በለገሰ እንኳ አይደለም፤ በሟቹ ነው የተናደድኩት። ለሌላው ሁሉ ይዋሹ፤ ለእኔ፣ ጠርሙስ ላይ ቱቦ ማጠፍ ላስተማሩት ሰው፣ አንድ ቀን ጠጋ ብለው ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ደግሞ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ሁሉ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ፊቴ ሲንሿሹ፣ እኔ ሳቅሁ። ድመቷን ታቅፈው ሲመጡም እርጅና ነው አልኩ። ንዴቱ ወደ ሐዘን ሲዞር ፊቴን ለመደበቅ ኮፈኑን ከፈትኩ።

የገባሁበት ግን ለሥራም በጀኝ። ሁሉም ዳዶ ደርቆ ፔዳል የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኋላው እያለፈ ነው። ፔዳሉ የሚገፋውን የፍሬን ማስተር ፈታሁት። ውስጥ ያለው ጎማ ለዓመታት በዛገው ቱቦ ብናኝ ተቧጭሮ ተቆራርጧል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ሀገረ ሰላም ቁልቁለት ላይ ረግጠህ ስትይዘው እግርህ ሥር ይሰምጣል። ለብርቱካን አሳየኋት። ጎማውን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ አባቷን አየችው።

አዲሱን ማስተር ፒያሳ ያለ የዕቃ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ለበዓል ሊሄድ ሲል አስመልሼ አገኘሁት። ገጥሜ፣ አየሩን አውጥቼ ስጨርስ ቀኑ መሽቷል። ለገሰ ለወንድሙ ደውሎ ዛሬ አልደርስም አለው። ወንድሙ ሳይሰናበተው ስልኩን ዘጋ።

ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለገሰ ወንድሙን በሕይወት ደርሶበታል። በማግስቱ፣ በዋናው በዓል በጨምበላላ ቀን፣ ወንድሙ የሱን ድርሻ ቡርሳሜ ለይቶ አስቀምጦ ጠበቀው፤ ተኮራርፈው አብረው በሉ። ለገሰ "አይዴ ጨምበላላ" ብሎ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ የደወለው ከዚያ ነው። ወንድሙ የሞተው ከበዓሉ በኋላ ነው።

ያን ማታ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ፔዳሉን ልረግጥ ስል ለገሰ "ቆይ" አለኝ። እየተደገፈ ገባ፣ በደህና እግሩ ረገጠ፣ እንጨቱን ራሱ ወጠረው። ወጥቶ የሾፌሩን በር ከዘጋ በኋላ አዲሱን ኮቱን አውልቆ የተከፈተውን መስኮት ሸፈነበትና ጫፉን በቀኙ በር አጣብቆ ቆለፈው። ድመቷ ከግንቡ ላይ ሆና ታየው ነበር። "አሁን እንግዲህ የምታሳብበት የለም" አለ።

እኔም ከጫማዬ ላይ ክሩን ፈታሁና ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ስተኛ ቀዝቃዛው ብረት ደረቴ ላይ ነበር። ከባድ አይደለም፤ ግን አለ።

ጠዋት ሦስታችንም አብረን በሩን ከፈትን። ለገሰ ኮቱን ገፈፈው። እንጨቱ እንዳቆመው ቆሟል።

ብርቱካን ለቁልፉ እጇን ልትዘረጋ ስትል አባቷ በክንዱ ከለከላት። ከዘራውን መኪናዋ ላይ አስደግፎ ወደ እኔ ተጠጋ።

"አንገትህን ዝቅ አድርግልኝ" አለኝ፤ ክሩንም ራሱ፣ በሁለት እጁ፣ ቀስ ብሎ ፈታው።